ፍሪሲዮኑ ይዟል ወይ?

ጌንት፣ ቤልጂየም
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ለጋሽ ዓለምነህ፣

ጋሼ፣ ናጅዋ በስልኳ የላክኩላትን ይህን ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ጋራዡ ድረስ ስታመጣልዎት በጤና፣ በሳቅና በሥራ ላይ ሆነው እንዲያገኝዎት እመቤቴን እለምናለሁ። እቴቴ እታፈራሁ አዲስ አበባ አራስ ልትጠብቅ መሄዷን ሰማሁ። ልጃችሁ ሳራ በሰላም ተገላገለች ሲሉኝ ላቦራቶሪው መሃል እልል ብዬ ፈረንጆቹን አስደነገጥኳቸው። እንግዲህ አያት ሆነዋል! «ወጣቱ ዓለምነህ» የሚለውን ቀልድዎን ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

ስልክ ደውዬ ብነግርዎት ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው እኔ እዚህ እየጮኽኩ፣ እርስዎ እዚያ እየጮኹ፣ ሳንግባባ ዘጋነው። አርባ ዓመት የሞተር ጩኸት የወሰደውን ጆሮ እኔ በስልክ አልመልሰውም። ደብዳቤ ይሻለናል።

«ምንድን ነው እዚያ የምትሠሪው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። አሁን ልንገርዎት! ሰውነታችን ሲቆስል ቁስሉን የሚዘጉት ሕዋሶች ናቸው። የሚዘጉትም ሄደው ነው። በእውነት ይሄዳሉ! እኔ በጠፍጣፋ የላቦራቶሪ ሰሃን ላይ እንደ ምንጣፍ ተጠጋግተው ያደጉ ሕዋሶችን እወስድና መሃላቸውን በቀጭን ፕላስቲክ እጭራለሁ። ያ ጭረት የእኔ ቁስል ነው። ማይክሮስኮፑ በየአምስት ደቂቃው ፎቶ ያነሳል። በማግስቱ ፎቶዎቹን አገጣጥሜ እንደ ፊልም ሳያቸው፣ ከወዲያና ከወዲህ ያሉት ሕዋሶች ፊታቸውን ይዘረጋሉ፣ የረገጡትን ይቆነጥጣሉ፣ ኋላቸውን ይጎትታሉ፣ መሃል ላይም ይገናኛሉ። መጀመሪያ ቀን ሳይ አለቀስኩ። ከእኔ ጎን የሚሠራው ልጅ አለርጂ መስሎት መድኃኒት ሰጠኝ።

አሁን ግን ያስቸገረኝ ነገር አለ። አንድ ዓይነት ሕዋስ አለኝ፣ አይሄድም። ሰባት ወር ለፋሁበት። በሕዋስ ውስጥ አክቲን የሚባል ክር አለ፤ ከፊት እየተሠራ ወደ ኋላ የሚጎተት፣ ጉልበቱ ያ ነው። ከውጭ ደግሞ የረገጠውን የሚይዝበት ኢንቴግሪን የሚባል መቆንጠጫ አለው። ሁለቱንም መረመርኩ። መቆንጠጫው በቦታው አለ። ክሩም አለ፤ እንዲያውም ከጤነኛው ሕዋስ ይብስ ይሯሯጣል። ሕዋሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ፕሮፌሰሯ «እስቲ እንደገና ሞተሩን እይው» ትለኛለች። እኔ ሞተር ማየት ሰልችቶኛል።

የመርሳን ወሬ ሁሉ ይጻፉልኝ። ስለ ጤናዎ ደግሞ ሳይደብቁ።

የእህትዎ ልጅ ሶስና


መርሳ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለሶስና፣

ከሀብሩ ሜዳ እስከዚያ ብርድ አገር ድረስ ሰላምታዬ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እኔ ቸሩ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ መኪኖቹ ግን ደህና አይደሉም፣ ለዚህም እሱኑ አመሰግናለሁ። ደህና ከሆኑ ምን እበላለሁ?

ደብዳቤሽ ሲመጣ አይሱዙ ሥር ተጋድሜ ነበር። እጄ ዘይት ስለሆነ ናጅዋ ቆማ አነበበች፣ እኔ ከታች ሰማሁ። የመኪናው ባለቤት ሙሐመድዘይንም ሰማ። ታውቂዋለሽ፣ ቅጥቅጡን ከመርሳ ደሴ የሚነዳው፣ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳይበላ የማያልፈው። «ሕዋስ በራሷ ትሄዳለች» የሚለው ላይ ስትደርስ «ያ ረቢ! ሰው ሁሉ በውስጡ መናኸሪያ ይዞ ነው እንዴ የሚዞረው?» አለ። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራንም፣ ስላንቺ ሕዋስ ስናወራ ዋልን።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። ሞተሩ ይሯሯጣል አልሽ። ጎማው መሬት ይዟል አልሽ። መኪናው ግን አይሄድም አልሽ። አንቺ ልጅ፣ ሰባት ወር ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር? ይሄ እኮ የፍሪሲዮን በሽታ ነው! ሞተር ጮኾ መኪና ካልሄደ ሞተሩን አትነኪም፣ ጎማውን አትነኪም፤ መሃል ያለውን፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ነው የምታይው። የሙሐመድዘይን መኪና ራሱ አሁን እንደዚያ ነው። ውርጌሳን አልፎ የውጫሌን ዳገት ሲጀምር ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ በእግሩ የሚሄደው ሰው ቀድሞት ያልፋል። ሕዋስሽ ውስጥ እንደ ፍሪሲዮን ያለ ነገር የለም? ከሌለ የሠራት ጌታ እንዴት አድርጎ ያስኬዳታል? አለ። ፈልጊው።

ስለ ጤናዬ ሳትደብቅ ብለሻል። የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ከቡሎን ላይ የወለቀ የአስራ ሰባት ቁጥር ዳዶ ዱብ አለ። የጠፋብኝ ዳዶ! ጋራዡን ሁሉ ገልብጬ የፈለግኩት። ቀኑን ሙሉ ረግጬው ስውል ቅንጣት አልተሰማኝም። የቀኝ እግሬን ትንሿን ጣት ትንሽ ላጥ አድርጓታል። እንደ ጋራዥ ደንባችን በናፍጣ ጥርግ አድርጌ አጥቤዋለሁ፤ ጀርም የሚባል አይተርፍም። ጭራሽ አያመኝም፣ ስለዚህ ለክፉ አይሰጥም። ስኳሩም ያው እንደ ድሮው ነው፣ ኪኒኑን ሳስታውስ እውጣለሁ።

የፍሪሲዮኑን ነገር ቶሎ ጻፊልኝ፤ ሙሐመድዘይን በየቀኑ ይጠይቀኛል።

አጎትሽ ዓለምነህ


ጌንት
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ! የኔ ጌታ!

በጤና ያቆይልኝ፣ ዕድሜ እንደ ማቱሳላ ይስጥልኝ፣ ከዚህ በላይ ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። አለ! በሕዋስ ውስጥ ፍሪሲዮን አለ! ጉዱን ልንገርዎት? ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት። መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን እኔ መኪና ነድቼ አላውቅም፤ ፍሪሲዮን ሲበላሽ መኪና ምን እንደሚሆን ማን ነግሮኝ!

በክሩና በመቆንጠጫው መሃል የሚቆሙ አገናኝ ፕሮቲኖች አሉ። ዋናው ታሊን ይባላል። በአንድ ጫፉ ኢንቴግሪንን ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ አክቲንን። እሱ ሲያያይዛቸው ወደ ኋላ የሚሮጠው ክር ይያዛል፣ ጉልበቱ ወደ መሬቱ ይተላለፋል፣ ሕዋሱም ወደ ፊት ይሄዳል። ካላያያዛቸው ክሩ በከንቱ ይሮጣል። ልክ እርስዎ እንዳሉት! ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ለፕሮፌሰሯ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። «ይህ ሰው የት ነው የተማረው?» አለችኝ። አይሱዙ ሥር አልኳት።

ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ታሊንን ከአራት ወር በፊት ለክቼዋለሁ። አለ። መጠኑም ልክ ነው። ለዚህ ነው ከዝርዝሬ የሰረዝኩት። እንግዲህ ፍሪሲዮኑ እያለ እንዴት አይሄድም?

አሁን ወደ እግርዎ ልምጣ። እየሳቁ የጻፉትን እኔ ሳልስቅ ነው ያነበብኩት። ጋሼ፣ ስኳር ያለበት ሰው ዳዶ ረግጦ ሲውል አለመሰማቱ ጥሩ ነገር አይደለም። ስኳሩ የእግርዎን ስሜት እየወሰደው ነው ማለት ነው። አያመኝም ሲሉኝ ነው ይበልጥ የፈራሁት። ናፍጣው ደግሞ! ናፍጣ እኮ ጀርሙን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ቁስሉን ሊዘጉ ከዳር የተነሱትን ሕዋሶችም ነው የሚፈጃቸው። እኔ እዚህ አንዲት ሕዋስ አንድ እርምጃ እንድትሄድ ሰባት ወር እለምናለሁ፣ እርስዎ እዚያ በጨርቅ ይጠርጓቸዋል!

እባክዎ ነገ ወልድያ ሆስፒታል ይሂዱ። በሚኒባስ ስንት ደቂቃ ነው? በእናቴ አጥንት እለምንዎታለሁ።

ሶስና


መርሳ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶስና ለልጄ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ መልሴ የዘገየው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። ናጅዋ ስልኳን ይዛ ጣራ ላይ ሳይቀር ወጥታ ነበር።

ፕሮፌሰሯ ያለችውን ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለሙሐመድዘይን፣ ሦስተኛ ከጎኔ ላለው ባለ ብየዳ፣ እንዲቃጠል።

አሁን ወደ ሥራችን። «ፍሪሲዮኑ አለ» ትያለሽ። እኔ የለም አልኩሽ? መኖሩን ነው ያየሽው እንጂ መያዙን አላየሽም። ዲስኩ ሙሉ ሆኖ፣ በቦታው ተቀምጦ፣ ሳይይዝ ሊቀር ይችላል። ሲያረጅ ይሸራተታል። ዘይት ሲነካው ይሸራተታል። የሚጫነው ስፕሪንግ ሲደክም ይሸራተታል። ጀማሪ መካኒክ ከፍቶ ያይና «አለ» ብሎ ይዘጋዋል። ብዙ ሰው ገደል የሚገባው እንዲህ ነው።

እኛ ሳንከፍተው እንዴት እንደምናውቅ ላስተምርሽ። መኪናውን ሜዳ ላይ ታቆሚያለሽ። እጅ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገሽ ትስቢያለሽ፤ መኪናው መሄድ የለበትም። ሦስተኛ ማርሽ ታስገቢያለሽ። ነዳጅ እየሰጠሽ የፍሪሲዮኑን ፔዳል ቀስ ብለሽ ትለቂያለሽ። ሞተሩ ታንቆ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይዟል፤ ጤነኛ ነው። ፔዳሉን ጨርሰሽ ለቀሽም ሞተሩ መጮኹን ከቀጠለ፣ ይሸራተታል። አየሽ? መኪናው ሲሄድ አይደለም የምትመረምሪው፤ አስረሽ ይዘሽው ነው። አንቺ ሕዋስሽን ሄደች አልሄደች ብለሽ ነው የምታያት። አስረሽ ያዣትና ሞተሩ ይጠፋ እንደሆነ እይ።

ስለ እግሬ ጽፈሽ አስለቀስሽኝ፤ ናጅዋም አነበበችና እኔ ላይ ጮኸች። ናፍጣውን ትቻለሁ፣ በውኃና በሳሙና ነው የማጥበው። ወልድያ ግን አልሄድም። ደምሴን ታስታውሺዋለሽ፣ ከአደባባዩ አጠገብ ጎሚስታ የነበረው። የጣት ቁስል ብሎ ሆስፒታል ሄዶ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ተመለሰ። ዛሬ ደጁ ላይ ወንበር ይዞ የሰው ጎማ ያያል። እኔ ያለ እግሬ ምን ነኝ? መካኒክ በእግሩ ነው መኪናን የሚያዳምጠው፤ ጆሮዬማ ድሮ ሄዷል።

ይልቅ ውል እንግባ። ባልኩሽ መንገድ መርምሪው። ፍሪሲዮኑ ሆኖ ከተገኘ፣ በማርያም ስም፣ በማግስቱ ወልድያ እሄዳለሁ። ካልሆነ ግን ስለ እግሬ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ። ሙሐመድዘይን ምስክር ነው።

አጎትሽ ዓለምነህ


ጌንት
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ውሉ ክፉ ውል ነው፣ ግን ተቀብያለሁ! ሌላ ምን አማራጭ ሰጡኝ?

ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፣ በደስታ። አስሮ መያዝ! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም? ሕዋሱን በጣም በሚያጣብቅ ነገር በተቀባ ጠንካራ መስተዋት ላይ አሳርፈዋለሁ፣ ከቦታው እንዳይንሸራተት። ይህ የእኔ እጅ ፍሬን ነው። አክቲኑን እንዲያበራ አደርገዋለሁ፣ ሲሮጥ እንዳየው። ጤነኛው ሕዋስ መስተዋቱን ሲይዝ የክሩ ሩጫ መቀነስ አለበት፣ እንደታነቀው ሞተር። የእኔው ሰነፍ ሩጫውን ካልቀነሰ ፍሪሲዮኑ ይሸራተታል ማለት ነው። ለፕሮፌሰሯ በወረቀት ስዬ ሳሳያት ብድግ ብላ ቆመች።

ግን አስር ቀን ይፈጃል። ሕዋሶቹ ማደግ አለባቸው፣ አክቲኑ መብራት አለበት፣ ማይክሮስኮፑም ተራ አለው። አስር ቀን ለእኔ ምንም አይደለም። ለእግርዎ ግን ብዙ ነው። ጋሼ፣ ደምሴ እግሩን ያጣው ሆስፒታል ስለሄደ ነው ወይስ ቆይቶ ስለሄደ? ስንት ወር ነበር ቁስሉን በጨርቅ አስሮ ጎማ የለጠፈው? እርስዎ ራስዎ በዚያን ጊዜ አራት ወር ብለውኛል።

ውሉን ሳንጠብቅ ይሂዱ። ተሸነፍኩ ልበል፣ አሸነፉ ልበል፣ የፈለጉትን እላለሁ።

ሶስና


መርሳ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሶስና፣

እንደምን ከረምሽ። ውል ውል ነው፤ አስር ቀን እጠብቃለሁ። እግሬ ደህና ነው። አያመኝም። የሙሐመድዘይንን ፍሪሲዮን አውርጄ ዲስኩን ቀየርኩለት፤ ትናንት የውጫሌን ዳገት እንደ ፈረስ ወጣው ብሎ ከሐይቅ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። ዛሬ አላበዛም፣ ትንሽ ብርድ ብርድ ብሎኛል።

አጎትሽ ዓለምነህ

ሶስና፣ ናጅዋ ነኝ። ወረቀቱን ፎቶ ሳነሳ ከሥር የጨመርኩት ነው፤ ጋሽ ዓለምነህ አያውቁም። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ደብዳቤ ላይ መጻፍ ነውር ነው። ግን ደህና አይደሉም። ጣታቸው ጠቁሯል። ጋራዡ ውስጥ ያን ሁሉ ናፍጣና ቤንዚን አልፎ ሽታው ይመጣል። ዛሬ ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ብርድ አይደለም፣ ትኩሳት ነው። ለእታፈራሁ እንዳልነግር አስምለውኛል። አንቺን እንዳልነግር ግን አላስማሉኝም። አስር ቀን የሚጠብቁ አይመስለኝም። ቶሎ አንድ ነገር አድርጊ።


ጌንት
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ዓለምነህ፣

ፍሪሲዮኑ ነው! አሸንፈዋል! ምርመራው ተሳካ፣ ሕዋሱ ታስሮ ተይዞም ክሩ መሮጡን አላቆመም፣ ልክ እንዳሉት ይሸራተታል። ፕሮፌሰሯም እጅግ ተደስታለች። ሁሉም ነገር እርስዎ እንዳሉት ሆኗል።

እንግዲህ በማርያም ስም የገቡት ቃል አለ። ነገ ጠዋት ወልድያ። ሙሐመድዘይን ምስክር ነው፣ እሱ ይውሰድዎት። ሲደርሱ መጀመሪያ ስኳር እንዳለብዎትና ዳዶው እንዳልተሰማዎት ይንገሯቸው።

ሶስና


ጌንት
ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፣ የትም ይሁኑ የት፣

እግዚአብሔር ይህን ለሚያነብ ዓይንዎ ብርሃኑን፣ ለሚቆም እግርዎ ብርታቱን አይንሳ። አስር ቀን ሆነኝ ድምፅ ከጠፋ። ኔትወርኩ እንደገና ተዘግቷል አሉ። የናጅዋ ስልክ አይሠራም፣ እቴቴም አዲስ አበባ ሆና እንደ እኔ ጨንቋት መርሳ መደወል አቅቷታል። ሄደው ይሁን አይሁን አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ኔትወርኩ ሲመለስ እንዲደርስ ብዬ እጽፋለሁ።

ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያውን አፍሬ ነው የምጽፈው። የታኅሣሥ 14ቱ ደብዳቤ ውሸት ነበር። ምርመራውን አልሠራሁም ነበር። ሕዋሶቹ ገና በሰሃናቸው እያደጉ ነበር። ናጅዋ ጣትዎ መጥቆሩን ነገረችኝ፤ እሷን አይቆጧት። አንድ ሳይንቲስት ያላየውን አየሁ ካለ ሥራው እዚያው አበቃ፤ እኔ ግን ቁጭ ብዬ ጻፍኩት፣ አንዲት ፊደል ሳልሰርዝ። በማርያም ስም የተገባ ቃል በውሸት አስፈጸምኩ። ቢቆጡኝ እውነት አለዎት።

ሁለተኛው ግን! ጋሼ፣ ሁለተኛው! ከትናንት በስቲያ ማይክሮስኮፑ ተራዬ ደረሰ። መጀመሪያ ጤነኛውን ሕዋስ አየሁ። መስተዋቱን ቆነጠጠና የሚያበራው ክር ሩጫው ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ዳሩ ላይ ቆመ ለማለት ይቻላል። ሞተሩ ታነቀ! ቀጥሎ የእኔን ሰነፍ አስገባሁ። ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ክሩ ይሮጣል። ያለ ፍሬን ይሮጣል! አርባ ሕዋስ አየሁ፤ አርባውም ይሸራተታሉ። በማግስቱ ከሥር ያለውን ምክንያት ፈለግኩ። ታሊን አለ። ግን ቪንኩሊን የሚባል ሌላ አገናኝ አለ፣ ታሊን ሲጎተት መጥቶ ከአክቲኑ ጋር የሚያጠብቀው። እሱ ነው በቦታው ያልደረሰው። የደከመው ስፕሪንግ ማለት ነው! ኮሪደሩ ላይ ሮጥኩ። ጮኽኩ። ፕሮፌሰሯ አቅፋኝ «ለአጎትሽ ንገሪው» አለች፣ እኔም የት ብዬ እንደምነግርዎት ሳላውቅ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ልክ ነበሩ። ከእኔ ውሸት በፊትም፣ ከእኔ ምርመራ በፊትም ልክ ነበሩ። አሁን አንድ መስመር ይጻፉልኝ። እግርዎ እንዴት ነው?

ሶስና


ወልድያ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፣

ለመጪው ገና በሰላም ያድርስሽ፣ ከእኛም ከዘመዶችሽም መሃል አያጉድልሽ። ይህን የምጽፈው ሆስፒታል አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሙሐመድዘይን ኔትወርክ ካለበት ይልከዋል።

መጀመሪያ የጠየቅሽውን። እግሬ አለ። ትንሿ ጣት ሄዳለች፣ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። ዶክተሯ አንቺን የምታህል ልጅ ናት። «አባቴ፣ ሁለት ቀን ዘግይተው ቢሆን ስለ ጣት አናወራም ነበር» አለችኝ። በምን እንዳጠብኩት ስትጠይቀኝ ናፍጣ ለማለት አፈርኩና ቤንዚን አልኳት። የሚሻል መስሎኝ ነው። ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

እታፈራሁ ትናንት ከአዲስ አበባ ደርሳለች። ከትናንት ጀምሮ ትቆጣኛለች፣ ለምግብ ብቻ ነው የምታቆመው። ኪኒኑን ራሷ ቆጥራ ነው የምታስውጠኝ።

ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ሙሐመድዘይን ይዞልኝ መጣ። ስለ አርባዎቹ ሕዋሶች ያለውን ክፍል ለክፍሉ ሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ስፕሪንጉ ደክሟል! አላልኩሽም? ከጎኔ የተኛው ሰውዬ የሐራ ገበያ ነጋዴ ነው፣ ሆዱን ተሠርቷል፤ እንዳታስቀኝ ስፌቴ ይከፈታል እያለ ይለምነኛል። ነርሶቹ ዛሬ ቁስሌን ሲቀይሩ «ታሊን እንዴት ዋለ?» አሉኝ። ዶክተሯንም ቁስሌ ዳር ላይ ያለው አዲስ ቀይ ሥጋ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እየዘጋ ነው አለችኝ። ሕዋሶቼ እየሄዱ ነው ማለት ነው ሶስዬ! በየቀኑ ጨርቁ ሲፈታ አንገቴን አስግጌ አያቸዋለሁ።

አሁን ስለ ውሸትሽ። በ11 አስር ቀን ይፈጃል አልሽኝ። በ14 ጨረስኩ አልሽኝ። አንቺ ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት «ነገ ይደርሳል» እያልኩ ደንበኛ የመለስኩ መካኒክ ነኝ። ሳይነካ ያደረን መኪና አለቀ የሚል ሰው እንዴት እንደሚናገር እኔ አላውቅም? ደግሞ ደብዳቤሽ አጭር ነበር። አንቺ ደስ ሲልሽ አጭር ጽፈሽ አታውቂም። ናጅዋ አንብባ ሳትጨርስ ነው ያወቅኩት።

ታዲያ ለምን ሄዱ ትይኝ ይሆናል። ውሉ አልፈረሰም ወይ? ፈርሶ ነበር። ግን አንቺን አሰብኩ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ፣ ከዘጠኝ ዓመትሽ ጀምሮ በእጄ ነው ያደግሽው፤ አንዲት ውሸት ሰምቼብሽ አላውቅም። የደንበኛ መስታወት በድንጋይ የሰበርሽ ቀን እንኳን እኔ ሳላይ ራስሽ መጥተሽ ነው የነገርሽኝ። ይህች ልጅ ከዋሸች ምን ያህል ፈርታ ነው አልኩ። ምሳውን እየበላ የነበረውን ሙሐመድዘይንን አስነሳሁት። «ነገ ጠዋት ነው እኮ የተባለው» አለኝ። አሁን አልኩት።

ሁለተኛ ለእኔ ብለሽ እንዳትዋሺ፤ ሥራሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይለምድብሽ። ውልም፣ ፍሪሲዮንም፣ የማርያም ስምም አያስፈልገንም ነበር። «ጋሼ ፈራሁ» ብትይኝ ይበቃኝ ነበር። ደምሴን ሰበብ አድርጌ፣ አያመኝም እያልኩ፣ ስቄ የጻፍኩልሽን ሁሉ እኔም ፈርቼ ነው የጻፍኩት።

አጎትሽ ዓለምነህ